የአባቴ እርምጃ በእኔ ግቢ

ነገሩ የነካን አራት ነን፤ እኔ፣ ሚስቴ፣ ታናሿ ልጄ፣ ከሞቱ የቆዩት አባቴ።

የአባቴን ጀናዛ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጭናቸውን በእጄ ስይዘው ጣቶቼ ሊገናኙ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ጉልበታቸው ብቻ በገመድ መሃል እንዳለ ቋጠሮ ጎልቶ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ መርሳ አጠገብ ማንጎና ሽንኩርት አለማለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን የቀኝ ጉልበቴ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ወልድያ ራጅ ተነሳሁ፤ የአጥንቱ መጋጠሚያ ተበልቷል አሉኝ። ማስታገሻ ሰጥተው እንድንቀሳቀስ መከሩኝ። ፊደልን ያለ አስተማሪ በራሴ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የሰው ምክር ይከብደኛል። መድኃኒቱን ይዤ ምክሩን እዚያው ተውኩት።

ቤቴ ሥርዓት ያለው ቤት ነው። ልጅ ይቆማል፣ አባት ይቀመጣል። አባቴንም ያከበርኳቸው እንዲሁ ነበር፤ ውሃው ወደ እሳቸው ይመጣል እንጂ እሳቸው ወደ ውሃው አይሄዱም። እኔም በምርኩዝ መሄድ፣ ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። ወልድያ ትማር የነበረችው ልጄ ልታገለግለኝ ትምህርቷን አቋርጣ መጣች። አልከለከልኳትም። የሚገባኝ መስሎኝ ነበር።

ሕመሙ ቀለል አለኝ። ሽርጤ ግን በቀኝ በኩል ባዶ እንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስል ጀመር። አንድ ዓርብ ለጁምዓ ገላዬን ስታጠብ ጭኔን ያዝኩ። የማን ጭን እንደሆነ እጄ ከእኔ በፊት አወቀ።

በዚያው ሰሞን፣ ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ በቤቱ ጀርባ ዞሬ ስመጣ ከውስጥ የሚስቴን ድምፅ ሰማሁ።

“አውዙ ቢላህ! ስሚ፣ ስሚ! የአማቴ እርምጃ ነው!”

“እማዬ ደሞ! የሞተ ሰው ምርኩዝ ይይዛል?” ልጄ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ።

ቆምኩ። ድምፁም ቆመ። አንድ እርምጃ ስጨምር እኔም ሰማሁት፤ ምርኩዙ ድም፣ እግሩ ሸርተት። ይህን ድምፅ በግድግዳ በኩል ዓመታት ሰምቼዋለሁ። “እኔ ነኝ” ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ እርግጠኛ ስላልነበርኩ መልሼ ዘጋሁት።

በሩን ስገፋ ሚስቴ ጮኸች። “አንቱ ነዎት? ምነው ድምፅ ቢያሰሙ! ልቤን ቀጥ አደረጉት!”

በማግስቱ ወልድያ ተመለስኩ። የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ባለሙያ የልጄ እኩያ ናት።

“አባባ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉና ከወንበሩ ይነሱ።”

ቢስሚላህ ብዬ እግሬን አዘዝኩት። ታች የሚሰማ አልነበረም። ልጆቼ በአንድ ቃሌ ይነሳሉ፤ የገዛ ጭኔ ግን ዝም አለኝ።

“ጭኔን ማን በላው?” አልኳት።

“መቀመጥ ነዋ! ጉልበቱን ደግፎ የሚያቆመው የጭን ጡንቻ ነው። ካልሠራ ይሟሽሻል፤ እሱ ሲደክም ጉልበቱም ይብሳል። ትንሽ ትንሽ እያሉ መነሳትና መቀመጥ ይልመዱ።”

“የአባትሽን እኩያ እንዲህ ታዢያለሽ?”

“አባቴንም አዝዘዋለሁ። እሱ ግን ይሰማል።”

ቤት ስገባ ለልጄ ቃል ገባሁላት፤ ያለ ሰው እጅ ከመስገጃዬ የተነሳሁ ቀን ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲህ ፊቴ እየቆመች “ተነሱ አባባ። ተቀመጡ። ተነሱ!” ትለኝ ጀመር። ድምፁ የእኔው ነበር፤ እንዲያ ስጮህባቸው ነው ያደጉት። አባትን ማክበር ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ላይ፣ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ ከሱጁድ ግንባሬን ከመሬት አንስቼ ቆምኩ። ሰላምታውን አድርሼ ስዞር ልጄ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር።

እርምጃው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሚስቴ አሁንም ሲመሽ ጆሮዋን ወደ ግቢው ትጥላለች።

ያስከፈለን ሲደመር ይኸው ነው፤ የልጄ አንድ የትምህርት ዓመት፣ ስደገፍበት የደከመው የሚስቴ ትከሻ፣ ከጭኔ ያልተመለሰው ሥጋ፣ “አይነሱ፣ እኛ አለን” እያልን የወሰድንባቸው የአባቴ የመጨረሻ ዓመታት ሁሉ።