እበት የተለቀለቀው የግሪክ ቤት

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሕግ ነበር የሞላሁት። ክርክር እወዳለሁ፤ አፌ ከእግሬ ይፈጥናል። የሰጡኝ ግን ታሪክና ቅርስ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢው ውስጥ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስሜን ሕግ ሥር ፈለግኩ። አጣሁት። ደግሜ ፈለግኩ። አጠገቤ የቆመ ልጅ «እዚያ ጋ ነህ፣ ሙታኖቹ ጋ» ብሎ ጠቆመኝ። ያን ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም፤ ብናገር እጣላ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የጥንቱ ሜዲትራኒያን አርኪዮሎጂ፣ ታሪክና ባህል የሚባል ኮርስ መጣ። መምህሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲናገር አይቸኩልም፤ ይኼ ራሱ ያናድደኛል። ገና የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ባሕር ሳለና ዙሪያውን ግብፅ፣ ግሪክ፣ ሮም፣ ካርቴጅ እያለ ጻፈ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የኔ ትልቁ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ከደብረ ኤልያስ ቁልቁል ወርጄ ነው ያየሁት። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ይኼ እኛን ምን አገባን?»

«ምንም አያገባህም» አለኝ ፊቱን እንኳ ሳያዞር። «ፈተና ላይ ግን ይመጣል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ።

እውነቱን ለመናገር ግን ትምህርቱ ቀስ እያለ ያዘኝ። ንጉሥና ጦርነት ይነግረናል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ምን ይበሉ እንደነበር፣ ቆሻሻቸውን የት ይደፉ እንደነበር ያወራል። እኛ ከኑግ የምናወጣውን ዘይት እነሱ ከዛፍ ፍሬ ይጨምቃሉ። ልጅ ሳለሁ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ ዜማ ጀምሬ ሳልጨርስ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ኮበለልኩ። ቆሮንቶስንና ኤፌሶንን ከዚያ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ መልእክት የሚላክላቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው እንጂ ድስት እንዳላቸው አስቤ አላውቅም። የከተሞቹን ስም ለመያዝም በዜማ አደረግኩት። ዶርም ውስጥ «ቆሮንቶ-ኦ-ስ» እያልኩ ሳወርድ ጫማ ይወረወርብኛል። «አንት፣ ጥናት ነው ቅዳሴ?»

ችግሩ፣ ካለፈው ሴሚስተር ዋርኒንግ ይዣለሁ። ይኼ ኮርስ ከተበላሸ መባረር ነው። ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። «አይዞህ ልጄ፣ በሬዎቹ አሉ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እኮ!

የኮርሱ ግማሽ ውጤት ደግሞ ከቁፋሮ ነው። የት ይቆፈራል? ግሪክ በአውቶብስ አይኬድም። ቲቸር ግን አስቦበታል። ቀደም ብሎ ከግቢው ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ የራሱን የግሪክ ቤት ቀብሯል። አልቀለድኩም። ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ከቁይ ገበያ የገዛውን እንስራና ድስት ሰባብሮ፣ ግንበኛ የጣለውን ጡብ ጣሪያ ነው ብሎ፣ አመዱን ምድጃ ነው ብሎ፣ አፈር እየደመደመ ወለል ሠርቶ፣ ላዩን ሸፍኖታል። ሣር በቅሎበታል። የኛ ሥራ በካዞላ፣ ያው በግንበኛ ማንኪያ፣ እየፋቁ መውረድና ወለሉ ስንት ጊዜ እንደታደሰ ማወቅ ነው። አፈሩ የተነባበረበትን እያንዳንዱን ንጣፍ ሌየር ይሉታል። ሌየር ያቀላቀለ ወደቀ።

ለየቡድኑ የቤቱ አንድ ክፍል ደረሰው፤ የኛ ቡድን ሦስት ሰው ነው። አንዷ የጉንደ ወይን ልጅ ናት፤ የገበሬ ልጅ፣ እጇ ጠንካራ፣ ምላሷ ከኔ የማይተናነስ። ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ፤ ነጭ ጫማ አድርጎ ቁፋሮ የመጣ። ፎቶና ጽሕፈት ሰጠነው።

«ካዞላውን እኔም ልሞክራ» አለ አንዴ።

«ተው ወንድሜ፣ ጫማህ ያለቅሳል» አለችው።

ጡቡን አነሳን፣ ገሉን ለቀምን፣ በመጨረሻ ቀይ የተደመደመ ወለል ላይ ደረስን። ጥግ ላይ አመድ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቲቸር ከላይ አጎንብሶ አየና ፊቱ በራ።

«ነገ ጠዋት ፎቶ አንስተን ውጤት እሰጣለሁ» አለ። «ከመሄዳችሁ በፊት ወለሉን አጽዱት። አቧራ እንዳላይ።»

ጠረግን። አቧራ። ደግመን ጠረግን። ሌላ አቧራ። በጋ ነው፤ ነፋሱ ከሜዳው እያፈሰ ያመጣል፣ ወለሉም በነካነው ቁጥር ይፈረፈራል። የጉንደ ወይኗ ልጅ ብሩሹን ወረወረችው።

«ይኼ መጥረግ አይደለም የሚፈልገው» አለች። «መለቅለቅ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። አውድማ ስታዘጋጅ ትጠርጋለህ እንዴ? ብትጠርገው አፈሩ ተነስቶ ጤፉ ውስጥ ይገባል። እበት በውኃ ትበጠብጥና በእጅህ ትለቀልቀዋለህ፤ ደረቀ፣ አለቀ፣ አቧራ የለም። የቤት ወለልም እንደዚያው ነው። እኛ ዘንድ የጸዳ ወለል ማለት የተለቀለቀ ወለል ነው።

ከአጥሩ ማዶ ከብት ሞልቷል። ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ስመለስ የአዲስ አበባው ልጅ አፍንጫውን በሹራቡ ሸፈነ።

«አብዳችኋል? ግሪክ ላይ እበት?»

«ግሪኮች ላም አልነበራቸውም?» አልኩት።

«ነበራቸው፣ ግን...»

«ግን ምን? ላሞቻቸው ሽቶ ነበር የሚጥሉት?»

እጃችንን እስከ ክርናችን አስገብተን ለቀለቅነው። አመዱንም ሸፈንነው፤ አስቀያሚ ነበር። ስንጨርስ ወለሉ እንደ ሰሌዳ ለጥ አለ። በዚያ ግቢ ውስጥ የዚያን ያህል የኮራሁበት ሥራ የለኝም።

ጠዋት ቲቸር መጣ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመ። የሌላ ቡድን ልጆች አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ አንዱ ሳቁን ሊደብቅ ማሳል ጀመረ።

«ወለሌ የት ሄደ?»

«እዚያው ነው፤ ጸድቶ» አልኩ።

«ምድጃውስ?»

«ከሥር ነው።»

«ማን ነው ይኼን ያዘዘ?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። «አጽዱ፣ አቧራ እንዳላይ አሉን። የታለ አቧራው? እስቲ በጣትዎ ይንኩት። እዚህ ግቢ ውስጥ ከዚህ የጸዳ ወለል ካለ ያሳዩኝ፤ የእርስዎን ቢሮ ጨምሮ።»

ልጆቹ ፈነዱ። እኔም ልስቅ ስል ዋርኒንጉ ትዝ አለኝ። ምን አለ አፌን ብዘጋ!

ቲቸር አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ።

«አንቺ» አላት የጉንደ ወይኗን ልጅ፣ «እናንተ ቤት መቼ መቼ ይለቀለቃል?»

«ለበዓል። ለሠርግ። ሲፈረፈርም።»

«አሮጌው ይነሳል?»

«ኧረ ለምን ይነሳል? በላዩ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ቤታችሁ ስንት ወለል አለው?»

በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እኔም የኛ ቤት ወለል መጣብኝ። ያ ሁሉ ፋሲካ፣ የእህቴ ሠርግ፣ የአያቴ ተዝካር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ፣ እኔ ላዩ ላይ ቁርበት አንጥፌ ስተኛበት ኖሬያለሁ።

ቲቸር ተነሳ። «እንግዲህ እናንተ የቤቱ የመጨረሻ ነዋሪዎች ናችሁ። አሁን ደግሞ አርኪዮሎጂስት ሁኑ። የእናንተን ወለል ከኔ ወለል ለዩልኝ። የኔን ከነካችሁ ዜሮ ነው። እስከ ምሳ።»

በሆዳችን ተኛንበት። የአዲስ አበባው ልጅ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እበቱ ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነው፤ ካዞላውን በአግድም ብታስገባ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ትንሽ ብታዘነብል ቀዩን ይዞ ይመጣል። አንደኛው ጥግ ላይ፣ ትናንት ጉልበቴን ያሳየሁበት ቦታ፣ እበቱና አፈሩ አንድ ሆነዋል። ስፍቀው ቀዩ ተነሳ።

«አቁም!» አለች ልጅቱ። «እዚያ ላይ ተወው። ተቀላቅሏል ብለን እንጻፈው።»

የቀረውን በሰላም አነሳነው። አመዱ ወጣ። ጠርዙን ቀጥ አድርገን ስንቆርጠው ከእበታችን ሥር ቀይ ወለል፣ ከሱ ሥር ቀጭን ግራጫ መስመር፣ ከሱም ሥር ሌላ ቀይ ወለል ታየን። ሁለቱ የቲቸር፣ አንዱ የኛ። የአዲስ አበባው ልጅ ጻፈ፦ «ሌየር አንድ፤ እበት፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ።»

ቲቸር አነበበ። ወርዶ በጣቱ ነካካ።

«ይኼ ጥግ ምን ሆነ?»

«አበላሸሁት» አልኩ።

«ጽፋችሁታልና ዜሮ አልሰጥም፤ ከጥጉ ላይ እቀንሳለሁ። ከሌላው አልቀንስም።»

አለፍኩ ማለት ነው። «ስንት ነው የሚቀንሱት?» ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት ልጅቱ እግሬን ረገጠችኝ።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ቲቸር ሁሉንም ቡድን አሰናብቶ እኛን አስቀረን። «የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የሚቆፍሩትን ቤት እናንተ ትሠሩታላችሁ» አለ። ሳምንቱን እዚያው ዋልን። ገል በተንን፣ ወለል ደመደምን፣ አመድ ደፋን፣ ለቀለቅን፤ ሲደርቅ ደግመን ለቀለቅን። እበቱን ያመጣው የአዲስ አበባው ልጅ ነው። ወለሉን ስንት ጊዜ እንዳደስነው ለቲቸርም አልነገርንም፤ አፈሩን መልሰን ረገጥነው።

ስንጨርስ ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። ታጠብን፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ካፌው ጢም ብሏል፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ሰፋ ብለን በላን።