የወንድም ጋሼ ረድፍ

ሰፈርተኛው «ጆሮ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በልጅነቷ ለቀልድ ነበር፤ የጎረቤት ሬዲዮ ገና መንኮሻኮሽ ሲጀምር ከሷ ቀድሞ የሚሰማ አልነበረም። በኋላ ግን መተዳደሪያዋ ሆነ።

እናትና አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ዘፋኝ ነው። በየድግሱ እየዘፈነ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ለቁም ነገር አበቃት። «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ ቀና ብላ አይታው አታውቅም ቢባል ማጋነን አይደለም። የራሱን መሣሪያ ገዝቶ የሰርግ አዳራሽ ሲከራይ፣ የድምፅ ማስተካከያውን ሚክሰር ለባዕድ መስጠት ፈርቶ እሷን አስቀመጠበት። «ሌባም ቢሆን የቤት ሌባ ይሻላል» ብሎ ሳቀ።

ሥራውን በእጇም በጆሮዋም ለመደችው። እያንዳንዱ ማይክ ሚክሰሩ ላይ የራሱ ረድፍ አለው። የላይኛው ቁልፍ ድምፁ ምን ያህል እንደሚገባ ይወስናል፤ ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ደግሞ ኋላ ምንም ቢያጎሉት ሽሽሽ የሚል ነገር ይከተለዋል። ከሱ ሥር ቀጭኑን፣ መካከለኛውንና ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንሱና የሚጨምሩ ቁልፎች አሉ፤ ከዚያ ድምፁን የሚያስተጋባው ኤኮ፤ ከሁሉም በታች ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ማንሻ። በግራ በኩል የመጀመሪያው ረድፍ የወንድም ጋሼ ነው። ከሷ በቀር ማንም አይነካውም።

አንድ የብርድ ወራት ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ታመመ። እሱ ዳነ፤ ድምፁ ግን አልዳነም። ከፍ ሊል ሲል ይሻክራል፣ አንዳንዴም ስብር ይላል። ልትነግረው አስባ አፏ አልታዘዝ አላት። ያጎረሰ እጅ እንዴት ይነከሳል? ስለዚህ ዝም ብላ መካከለኛውን ቀነስ፣ ወፍራሙን ጨመር፣ ኤኮውን ሞቅ አደረገችለት። ዘፈኑ ከፍታው ላይ ሲደርስ የሱን ማንሻ ዝቅ፣ ከኋላው ቆማ የምታጅበውን ዘፋኝ፣ የተቀባይዋን፣ ከፍ ታደርጋለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሱም «ድምፄ እያደር እየበሰለ ነው» ማለት ጀመረ። አመት አለፈ፣ ሌላም ተከተለው።

አንድ ቀን ከሰርግ እንግዶች አንዷ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ክፍል ኃላፊ ሆና ተገኘች። ምሳዋን ትታ ከጆሮ ጀርባ ቆማ የልጅቷን ጣቶች ስታይ ቆየችና፣

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት።

«ዘፋኙ ወንድሜ ነው።»

«ስለሱ መቼ ጠየቅሁሽ?» ሴትየዋ ሳቀች። «እኛ ጋ ሰው እንፈልጋለን። ድራማ እንቀርጻለን፤ ዝናቡን፣ የበሩን ሲጥሲጥታ፣ ሁሉን። ነይና እይው።»

ጆሮ ልቧ ተንጠለጠለ። ለወንድሟ ስትነግረው «ሂጂ እንጂ፣ ማን ያዘሽ?» አላት በደስታ፤ እውነቱንም ነበር። ወዲያው የሰለጠነ ባለሙያ ቀጠረ። ሰውየው በቀጣዩ ሰርግ፣ ጆሮ ልታስረክበው አጠገቡ ቆማ ሳለ፣ የወንድም ጋሼን ረድፍ እንደማንኛውም ረድፍ አስተካክሎ ከፈተው። ድምፁ እንዳለ ወጣ። እንግዶቹ ተያዩ፤ አንዷ ልጇን ጎንተል አድርጋ ሳቀች። ወንድም ጋሼ ዘፈኑን ለተቀባይዋ ጥሎ ወረደ።

«አንተ ጆሮ የለህም!» ብሎ ባለሙያውን እዚያው አባረረው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «መሣሪያው ያንቺን እጅ ለምዷል፤ ምን ይደረግ?»

ያልበደለ ሰው በሷ የተነሳ ሲባረር ዝም ማለቷ አንገበገባት። በማግስቱ ከሰዓት በልምምድ ላይ፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ የወንድሟን ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ መሀል መለሰች። ኤኮውን ዘጋች።

«እስቲ ዝፈን፣ ወንድም ጋሼ።»

ዘፈነ። ከፍታው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

«ማይኩ ተበላሽቷል።»

ሌላ ማይክ ሰጠችው። ያው ሆነ። ቀስ ብሎ ከመድረኩ ወርዶ አጠገቧ ቆመ።

«የቱ ነው የኔ?»

አሳየችው። ከላይ ጀምራ ወደ ታች እያንዳንዱ ምን ሲሸፍንለት እንደኖረ ነገረችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካመመህ ጀምሮ።»

ይቆጣል፣ ይሰድበኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ሚክሰሩ ላይ አቀርቅሮ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ለማንም ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም።»

«አደራ» አላት። «በይ እንደነበረው መልሺው።»

መለሰችው። በፊት የያዛት ሳያውቅ ነበር፤ አሁን እያወቀ ያዛት። «ሂጂ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፉ አልወጣም፤ እሷም አልጠየቀችም። አደራ ካለ ምን ይጠየቃል? ለሬዲዮዋ ሴት ደውላ «አልተመቸኝም» አለች። ሴትየዋ «ምነው?» ብትላት «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወንድም ጋሼ ክንድ ማስደገፊያ ያለው፣ ቆዳ የለበሰ ወንበር አሸክሞ መጣ። ሚክሰሩ ፊት አስቀመጠላት።

«ወገብሽን እንዳያምሽ ብዬ ነው» አለ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ።

ሚስቱ «ታድለሽ! እኔን እንኳ እንዲህ አስቦልኝ አያውቅም» ብላ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት። ሙዚቀኞቹ «መርቂና ተቀመጪ!» እያሉ አሳሳቋት።

ተቀመጠች። እውነትም ይመቻል። አዳራሹ በእንግዳ ሲሞላ ወንድሟ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ አንድ ጊዜ ወደሷ አይቶ አንገቱን ዝቅ አደረገ። እጇን ዘርግታ ማንሻውን ከፍ አደረገችለት።