የአማቴ ጥጥና የገና አባት ጢም

የባሌ እህት የምትሠራው ቡሬ ነው። ለገና ስትመጣ እንደ ወትሮዋ ዶሮ ወይም ቅቤ ይዛ ፍኖተ ሰላም ትገባለች ብዬ ነበር። ዘንድሮ ግን በዋዜማው ጠዋት ከሚኒባሱ የወረደችው ማጣበቂያ፣ ብልጭልጭ ወረቀትና ባዶ ሃይላንድ የታጨቀበት ካርቶን ተሸክማ ነው።

«ከአሁን በኋላ ከሱቅ ስጦታ መግዛት የለም፣ እታለም» አለችኝ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። «በትንሽ ወጪ ቤት ውስጥ የሚሠራ ስጦታ ነው ፍቅርን የሚገልጸው።»

ይህን ከስልኳ እንደቃረመችው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔ ባደግሁበት ቤት ገና ሲመጣ ለአማት ሙክት ይነዳል፤ አቅም ያጠረው ዶሮ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ዶሮም ያጣ ባዶ እጁን ገብቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ይልና በልቶ ጠጥቶ ይወጣል። ማንም የሃይላንድ አንገት ቆርጦ «የአበባ ማስቀመጫ ነው፣ ፍቅሬን ይግለጽልኝ» ያለ የለም። ሰው የሚሰጠው ካጣ ዝም ይላል እንጂ ማጣቱ ላይ ብልጭልጭ ነስንሶ ሰው ደጃፍ ያደርሳል?

ይህን ሁሉ አላልኳትም። የባል እህት ናት፣ ለበዓል መጥታለች። የዶሮውን ሽንኩርት እየከተፍሁ በሆዴ ሳቅሁባት።

እሷ ሳሎኑን ወርራ ትቆርጣለች፣ ታጣብቃለች። ዋናው ሥራዋ የገና አባት ነበር። ከካርቶን የተቆረጠ ክብ ፊት፣ ቀይ የወረቀት ቆብ፣ በእስክሪብቶ የተሣሉ ሁለት ዐይኖች። ዐይኖቹ የተጣሉ ይመስል አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ያያል። ለየጎረቤቱ አንድ አንድ እንዲደርስ ወለሉ ላይ ደርድራቸዋለች።

«እታለም፣ ለጢማቸው የሚሆን ጥጥ አለሽ?»

«ጓዳ፣ ጆንያ ውስጥ አለ። ውሰጂ» አልኳት። ፊቴን እንኳ አላዞርሁም።

የጓዳው ጥጥ የአማቴ ነው። አማቴ ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ካለው ደጋ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ከቆላ የሚመጣ ጥጥ ገበያ ያስገዙና ፍሬውን ዳምጠው ያወጣሉ፤ ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ ከዚያ በር ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ይውላሉ። የፈተሉትን ልቃቂት የእንጨት ሳጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። ለምን እንደሚፈትሉ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። የሸማ ሱቅ በየማዕዘኑ ባለበት ከተማ መፍተል የአሮጊት ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ጥጥ ጥጥ ነው፤ ትንሽ ቢቆነጠርለት ምን ይሆናል?

የባሌ እህት ግን አልቆነጠረችም። እስከ ደረት የሚወርድ ጢም ለሁሉም ሠራችላቸውና ጆንያውን አራግፋ አስቀመጠችው። አማቴ በጾሙ መጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን ስለማይጠፉ አላዩም። እሳቸው ሳይመለሱ ስጦታው በሰፈሩ ታደለ። ልብስ ሰፊው ተቀበለ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ተቀበለች፣ ባጃጅ ነጂው ተቀበለ። ከአጥር ወዲያ ያሉት ባልቴት በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጢሙን ዳሰሱና «ይኼ ጻድቅ ማናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«የገና አባት ናቸው» አለቻቸው።

የልደትን ቀን የሚያህል በዓል የተሰጣቸው አባት ቅዱስ ካልሆኑ ማን ይሆናል? ባልቴቷ ተሳለሙት። እኔ በር ላይ ቆሜ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

በዓሉ አለፈ። የባሌ እህት ባዶ ካርቶኗን ይዛ ቡሬ ተመለሰች። አማቴ እንዝርታቸውን አነሡና ጓዳ ገቡ፤ ጆንያውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ወጡ።

«ጥጤን ማን ወሰደው?»

እየሳቅሁ ነገርኳቸው። ስለ ተጣሉት ዐይኖች፣ ስለ ባልቴቷ፣ ሁሉንም። «አይዘኑ፣ ገበያው ሞልቷል፣ እተካልዎታለሁ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። መደቡ ላይ ቁጭ አሉና ጆንያውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«የመግነዜ ነበር» አሉ።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። እሳቸው ቀጠሉ። «በእኛ አገር ሴት መግነዟን ፈትላ ነው የምታስቀምጥ። እናቴም ፈትላ ነው የሄደች። እዚህ ሰው ሲሞት ሱቅ ተሩጦ በአቡጀዲ ይጠቀለላል። እኔ በአቡጀዲ ተጠቅልዬ አልሄድም ብዬ ነበር። ብዙም አይዶለም የቀረኝ።»

ከክረምት ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ነበር። እያረፉ ነበር የሚፈትሉት፣ ግን አንድ ቀን አያስታጉሉም ነበር። አሁን ምክንያቱ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በባሌ እህት ስስቅ ከርሜ፣ የሰው መግነዝ ለካርቶን ጢም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የማደርገውን አጣሁና ፌስታል ይዤ ወጣሁ። ጢም ልመልስ። ልብስ ሰፊው ጢሙን ነቅሎ መርፌ መሰኪያ አድርጎታል፤ የገና አባቱ አገጭ ራቁቱን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ይቅርታ ጠይቄ ወሰድሁ። ባልደረባዬ ቤት ስደርስ «ልጆቹ ጆሯቸውን ጠረጉበት፣ ትንሽ ተርፏል፣ ላምጣልሽ?» አለችኝ። አምጪ አልኳት። ጆሮ የተጠረገበትን አይደለም፣ የተረፈውን። ባጃጅ ነጂው መስተዋቱ ላይ አንጠልጥሎት መንገድ ላይ አስቁሜ ስጠይቀው ከላይ እስከ ታች አየኝና «እናቴ፣ ሰላም ነሽ?» ብሎ አውርዶ ሰጠኝ። ባልቴቷ ግን ወይ ፍንክች። ከሥዕሎቻቸው ጎን፣ ግድግዳው ላይ በክብር ሰቅለውታል። «ስለት ተስዬባቸዋለሁ» አሉኝ። የስለቱን ነገር መጠየቅ አልደፈርሁም። ያም ሆኖ ፌስታሌ ሞላ። ማጣበቂያ የደረቀበት፣ ብልጭልጭ የተሰገሰገበት፣ የማንም እንዝርት የማይቀበለው ጥጥ ይዤ ቤት ገባሁ። አንድ ነገር ያዳንሁ መስሎኝ ነበር።

«ምንድር ነው?» አሉኝ አማቴ።

«ጥጥዎ ነው፣ እማማ። ከየቤቱ ሰብስቤ መጣሁ።»

እጃቸውን ፌስታሉ ውስጥ ከተቱና ወዲያው አወጡት።

«ልጄ እንኳን አደረሳችሁ ብላ የሰጠችውን ከሰው ቤት ለቅመሽ መጣሽ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ።»

«መጀመሪያ ያረግሽውን ሳታውቂ ነው፣ እሱን ይቅር ብያለሁ። ይህነን ግን ዐውቀሽ ነው። የእኔ ቤት ሰጥቶ ነሳ ሊባል? ሂጂ መልሽ።»

ሄድሁ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በአንድ ቀን ጢም ለቅማ፣ በነጋታው ጢም አከፋፈለች። ልብስ ሰፊው ጭምቅ ያለውን ጥጥ ተቀብሎ መርፌውን ሰካበት።

በገበያ ቀን የተነደፈ ባዘቶ ገዝቼ ፊታቸው አስቀመጥሁ። እንዝርታቸውን ያነሡታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው እንዝርቱን ወደ እኔ ገፉት።

«ያጐደለ ይሙላ። ፍተዪ።»

«እኔ አልችልም እኮ፣ እማማ።»

«እኔስ ስወለድ እችል ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ስጽፍ የኖርሁ ሴት ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ክሩ በየስንዝሩ ተበጠሰ። ሁለተኛው ቀን አልበጠስ አለ፤ እንደ በሬ ጠፍር ወፍሮ። አማቴ ያዩኛል፣ ይዳስሱታል፣ ይፈቱታል፣ ባዘቶውን ይመልሱልኛል። ከሥራ ስወጣ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። የባሌ እህት ከወንድሟ ሁሉንም ሰምታ ስልክ ደወለች፤ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ይኸውልሽ እታለም፣ በእጅ የተሠራ ስጦታ ማለት ይህ ነው፣ በቪዲዮ ቅረጪው እስኪ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

የአማቴ ሳል እየባሰ ሄደ። ሐኪም መድኃኒት ሰጣቸው፣ ዕድሜያቸውንም አነሣ። ባሌ በር ዘግቶ፣ ለክፉም ለደጉም አቡጀዲ ገዝተን ብናስቀምጥ ምን ይመስልሻል አለኝ። ያን ቀን ነው በቁም ነገር መፍተል የጀመርሁት። ቁጣም ነበረበት፤ በእሱም፣ በእህቱም፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ጣቴ እስኪላጥ ፈተልሁ። ፈራሁም። አልደርስ ብዬ አቡጀዲ ስንዘረጋ በሕልሜ አየሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ልቃቂት ሠርቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ። ተኝተው ነበር፤ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ቀና አሉ። ጫፉን ፈልገው ያዙት፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ጎተት እያደረጉ ብዙ ቆዩ። እንደ ልማዳቸው ሊፈቱት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ወፍራም ነው» አሉ። «እዚህ ቋጠሮ አለበት። እዚህም። ሰማይ ቤት ስደርስ ማን ፈተለልሽ ቢሉኝ ስምሽን አልጠራም።»

«አይጥሩት፣ እማማ» አልኳቸው።

ከአንገታቸው ላይ ቁልፋቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ልቃቂቱን ከእሳቸው ልቃቂቶች መካከል አስቀመጥሁት።