ሰገነቱ ላይ የተደረደሩት ጫማዎች

ይህ የሆነው ካቻምና፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን፣ ብረሳው ደስ ይለኝ የነበረ ቢሆንም፣ አልተወኝም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የማስቀድሰው ግን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ጫፍ ባለች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለምን ያን ያህል እንደምነዳ የሚጠይቁኝ አሉ። ስብከቱ አጭር ስለሆነ ነው።

ቤቷ የአንግሊካኖች፣ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚከተሉ ነጮች ነበረች። ከተማው ሳይውጠው በፊት፣ አካባቢው የገጠር መንደር ሳለ የሠሯት ናት። ቀይ ጡብ፣ አናታቸው ክብ የሆነ ረጃጅም መስኮቶች፣ ሥዕል የማያውቅ ነጭ ግድግዳ። ምእመናኗ አርጅተው ጥቂት ሲቀሩ ለእኛ ሸጧት። እኛም ግድግዳውን በሥዕል፣ ወለሉን በቀይ ምንጣፍ ሞላነው። ያልነካነው ከመግቢያው በላይ በእንጨት ምሰሶዎች የቆመውን ሰገነት ብቻ ነበር። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። የጫማ ማስቀመጫ ስላልነበረን እሱን መደርደሪያ አደረግነው።

ምሰሶዎቹ በንግሥ ቀን ሕዝቡን ስለሚያጨናንቁ ሰበካ ጉባኤው ሰገነቱን ሊያፈርስ አሰበ። ከዚያ በፊት የቤቱ ታሪክ ይጻፍ ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። «አንተ መቼም ታነባለህ» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ይህ ምስጋና አይደለም። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሰገነቱ ለመዘምራን የተሠራ፣ በኋላ የተጨመረ፣ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የሌለው ነው አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ስለ እንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ያነበብኩትን አምጥቼ ቨርጂኒያ ላይ ለጠፍኩት። አናጺው ለሰኞ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ለማስታወሻ ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ሴቶቹ ከኋላ ባለው አዳራሽ ለእሑድ ምግብ ያዘጋጁ ስለነበር በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ማንም የለም። እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ ደረጃው ላይ አኖርኩና ካሜራዬን ወደ ላይ ሳነጣጥር የሰገነቱ ጣውላ ሲጥ አለ።

«ማነው?» አልኩ።

እንደገና ሲጥ አለ። ቀጥሎ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁ።

በመናፍስት አላምንም፤ አለማመኔንም ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ሰው በካልሲ ሲቆም ድፍረቱ ይቀንሳል። እያማተብኩ ወጣሁ።

ላይ መደገፊያ የሌለው ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከፊቱ ጫማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። የሴት፣ የወንድ፣ የሕፃን፣ አፍንጫቸው ሁሉ ወደ መቅደሱ። ባለቤቶቻቸው የሉም። የማይታዩ ሰዎች ተቀምጠው የሚያስቀድሱ ይመስላል። ከሰልፉ ዳር አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቷል።

ጫማዎቹን አውቃቸዋለሁ። እሑድ በግርግር አንዱ የሌላውን አጥልቆ ሲሄድ የሚተርፉ፣ ልጅ ሲያድግ እናት የምትተዋቸው ናቸው። ቤቷን የሚያጸዱት እማማ አስካለ መጣሉ እየከበዳቸው ወደ ላይ ያወጧቸዋል። ሥርዓት ስለሚወዱም ይደረድሯቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ ቋንቋውን ስለማላውቀው ነው» አሉ አሮጊቷ በእንግሊዝኛ። «የድሮዎቹ ባለቤቶች በዓመት አንድ ቀን እዚህ እንድቀመጥ ይፈቅዱልኝ ነበር። የቅድመ አያቴ እናት ቦታ ነው። ጌቶቹ ታች፣ ባሪያዎቹ እዚህ።»

በከዘራቸው ወለሉን ነካ አደረጉ። ከወንበሩ ፊት ጣውላው ከዳር እስከ ዳር ሰርጉዷል።

«ጫማ አልነበራቸውም። ይህ የባዶ እግር ሥራ ነው።»

ይህን ለማወቅ እንኳ መጽሐፍ አያስፈልገኝም ነበር። በአያቴ ቤት ከበሩ ጀርባ ባዶ እግሩን የሚቀመጥ፣ ባሪያ የሚሉት አንድ ሰው ነበር፤ ስሙን የጠየቀ አልነበረም።

አሮጊቷ ወደ ጫማዎቹ ዞሩ። «እናንተ ግን አጫማችኋቸው። ሕፃናቱን እንኳ አልረሳችሁም። የማን ሐሳብ ነው? የእርስዎ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው መስማት የማይወደውን እውነት ስናገር ኖሬአለሁ፤ ብዙ ወዳጅም አጥቼበታለሁ። «ሰው የረሳው ጫማ ነው፣ ሰገነቱም ሰኞ ከነወንበሩ ይፈርሳል» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«የሁላችንም ነው» አልኩ።

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሰኞ እንዳይፈርስ።»

«ምን ነካህ? ዋጋ የለውም ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«እስቲ ድገመው። ስፒከር ላይ ላድርገውና ባለቤቴም ትስማ።»

ደገምኩት። የባሪያዎቹን ነገር ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። «እነሱ በባዶ እግራቸው በወጡበት ደረጃ ጫማችንን ስንከምር ከረምን እኮ!» አሉ። አናጺውን ያኔውኑ ደውለው አስቀሩት። አሮጊቷ የጠየቁኝንና የመለስኩትን ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ታደሰ አሮጊቷን ከነቤተሰባቸው ጋበዟቸው። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው ሰገነቱ ላይ ወጡ። አንዷ የልጅ ልጅ ከወንበሩ ፊት ያሉትን ጫማዎች ማን እንደደረደራቸው ጠየቀች። አሮጊቷ ወደ እኔ ጠቆሙ። ልጅቷ መጥታ አቀፈችኝ።

እማማ አስካለ መጥረጊያቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። እንግሊዝኛ አይሰሙም።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ሰገነቱን ወደድነው ነው የምትለው።»

«እሰይ። እኔ እኮ ጫማዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውላቸዋለሁ። ባለቤት አላቸው ብዬ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል።»

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው አስተርጓሚ ይዘው ሄደው ለአሮጊቷ እውነቱን ያስረዷቸዋል፤ እማማ አስካለ መዋሸት አይችሉበትም። የሌላ ሰው ደግነት በስሜ ተጽፎ ይኖራል፣ እኔም የእኔ አይደለም ለማለት አልደፍርም። እሑድ እሑድ በሰገነቱ ሥር ሳልፍ አንገቴን እሰብራለሁ። ሰው ለጸሎት ይመስለዋል።