በሩዝ ፑዲንግ የተሻገርኩት ጾም

መጀመሪያ ያገኘኋት ጢሜን ስላጭ ነው። ከግራ መንጋጋዬ በታች፣ የአተር ፍሬ የምታክል እብጠት። አታምም። የጥርስ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኳት። ከወር በኋላ ምራቄን ስውጥ ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ይይዘኝ ጀመር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጉንፋን ነው ብላ ዝንጅብል በማር አፈላችልኝ። እኔ ሚጥሚጣ እንደ ጨው የምነሰንስ ሰው ዝንጅብሉ አቃጠለኝ ስላት ሄዳ ለሐኪም ደወለች።

ባዮፕሲ የሚሉት የሥጋ ናሙና ተወሰደ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። የምላስ ሥር ካንሰር ነው ተባለ። ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። እዚሁ በምንኖርባት በኦክላንድ ከተማ፣ ከቤታችን ዐሥር ደቂቃ በማያስኬድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ይህ የሚድን ዓይነት ነው» አለችኝ። «ግን ሕክምናው ከበሽታው የከፋ የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ መብላት ሥራዎ ይሆናል።»

ሠላሳ አምስት ቀን ሬዲየሽን፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ኬሞቴራፒ ታዘዘልኝ። ጨረሩ ሲሰጥ እንዳልንቀሳቀስ ፊቴን ከአልጋው ጋር የሚያስር የፕላስቲክ ማስክ በልኬ ተሠራ። ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ፤ ዕድሜዬን ድልድይ ስፈትሽ ነው የኖርኩት። ሠላሳ አምስት መቁጠር አያቅተኝም አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አፌ ተላጠ። ሙኮሳይተስ ይሉታል። ምራቄ ደረቀ። ጣዕም ጠፋ። ውሃ ቆጠቆጠኝ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ሐበሻ ደግሞ በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ምስር ወጥና ሽሮ፣ ከበርክሌ የድሮ ጓደኞቼ ስልጆ ሳይቀር መጣልኝ። የሰናፍጭ ነገር ለተላጠ አፍ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ጥሩወርቅ አልጫውን የቻለችውን ያህል አለዘበችው፤ እርዱና ነጭ ሽንኩርቱ ግን አሁንም እሳት ነበሩ። አጥሚት ሁለት ሳምንት ያዘልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሽታው ብቻ ያቅለሸልሸኝ ጀመር።

አልችልም ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሰው ደክሞ ሠርቶ ያመጣውን እንዴት ብዬ እመልሳለሁ? የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ደውላ ስትጠይቀኝም መልሴ ያው ነበር፦ በደንብ እበላለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩወርቅ ቅዳሴ ስትሄድ ሳህኑን ይዤ ወደ ታችኛው ፎቅ እወርድና ለጎረቤታችን ለታክሲ ነጂው እሰጠው ነበር። እሱም ጾመኛ ነው፤ መርቆኝ ይቀበላል። ሚዛን ላይ የምወጣው ደግሞ ወፍራም ጃኬቴን ለብሼ፣ ቁልፌንና ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ራሴን በገዛ እጄ እያስራብኩ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት አዲስ ነርስ ገባች። ጃኬቱን ያውልቁ አለችኝ። አወለቅሁ። ዘጠኝ ኪሎ ጎድያለሁ። ጥሩወርቅ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ሐኪሟ ምን እንደምበላ ጠየቀች። ጥሩወርቅ ቀደመችኝ፤ ሁሉንም ይበላል፣ ሳህኑ ባዶ ነው የሚመለሰው አለቻት፣ ኮራ ብላ። መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ እውነቱን ተናገርኩ። ጎረቤቱን፣ ጃኬቱን፣ ሁሉንም።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች ሐኪሟ። «እስከ ሰኞ ከዚህ ከቀነሱ በሆድዎ በኩል ፊዲንግ ቲዩብ፣ ማለትም የመመገቢያ ቱቦ፣ እናስገባለን። ቲዩቡ ያድናል፤ ግን በእርስዎ ዕድሜ መዋጥ ያቆመ ጉሮሮ ሁልጊዜ ተመልሶ አይውጥም። በድካም የተነሳ ጨረሩን ካቋረጥን ደግሞ ካንሰሩ አብሮን አያርፍም።»

ጥሩወርቅ አልተቆጣችም። ያ ባሰብኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ያምርሃል?» አለችኝ። «ለእኔ ብለህ ሳይሆን፣ የእውነት ያማረህን ንገረኝ።»

«የሩዝ ፑዲንግ» አልኳት። ራሴንም ገረመኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ መንግሥት ለትምህርት የላከኝ እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ ነበር። ያከራየችኝ ሴት ሚስስ ኤድና ትባላለች፤ ባሏ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በዚያ ቤት ቀኑን ለማወቅ ካላንደር አያስፈልግም፣ ወጥ ቤቱን ማሽተት ይበቃል። እሑድ የተጠበሰ ሥጋ አለ፤ ከሥጋው በፊት ግን ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት፣ ከዱቄትና ከእንቁላል ተመትቶ ኦቨን ውስጥ የሚነፋ ነገር በመረቅ ይቀርባል፤ ሆድ በእሱ ከተያዘ ትንሿ ሥጋ ለሁሉም ትዳረሳለች። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለሆነ ከእሑድ የተረፈው ቀዝቃዛውን ይበላል። ማክሰኞ የቀረችው ሥጋ ተፈጭታ፣ ድንች ለብሳ ትመጣለች። ሐሙስ ጨጓራ በወተትና በሽንኩርት ይቀቀላል። ዱለት እየበላ ያደገ ሰው ፊት በወተት የተቀቀለ ጨጓራ ሲቀርብ ምን እንደሚሰማው መቼም ይገባችኋል። ሁሉንም ከቤት በተላከልኝ ሚጥሚጣ ሸፍኜ እበላ ነበር። ለእናቴም እዚህ አገር ምግብ አያውቁም ብዬ ጽፌላታለሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በወተትና በስኳር ኦቨን ውስጥ የሚበስለውን የሩዝ ፑዲንግ ብቻ ሚጥሚጣ አላስነካሁትም። ከላይ የሚይዘው ቡናማ ስስ ቆዳ የባልየው ድርሻ ነበር፤ ሌላ ሰው አይነካውም። አንድ ክረምት ኢንፍሉዌንዛ ጥሎኝ ሳለ ሚስስ ኤድና ቆዳውን አንስታ እኔ ሳህን ላይ አደረገችው። ባልየው ሳህኔን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቆዳ የሌለበትን የራሱን በላ።

ጥሩወርቅ ለንስሐ አባታችን ደወለች፤ በሽተኛ ወተት ይፈቀድለታል አሏት። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ አዘዝኳት፦ ድቡልቡል ሩዝ፣ ስቡ ያልወጣ ወተት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ በጣም በማይግል ኦቨን ሁለት ሰዓት። ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። እሷ ጾመኛ ስለሆነች ወተት አትቀምስም። የእኔ ምላስ ደግሞ ጣዕም አይለይም። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጨረስኩ። ትንሽ ቆጠቆጠኝ፤ ያኔ ግን ውሃም ይቆጠቁጠኝ ስለነበር አልገረመኝም። አርብ ደገምኩት። ቅዳሜ ልጃችን ሳራ ከሳን ሆዜ መጥታ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ወደ ማጠቢያው ሮጠች።

«ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ሶልት» አለች አፏን እየተጉመጠመጠች።

ጥሩወርቅ ስኳር ብላ የጨመረችው ጨው ነው። ሁለታችን ሁለት ቀን ሙሉ አላወቅንም። ከበሽታው ወዲህ ያን ቀን ጥሩወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እኔም ጉሮሮዬ እየተሰነጠቀ ሳቅሁ።

ሰኞ ያለ ጃኬት ተመዘንኩ። ሁለት መቶ ግራም ጨምሬያለሁ። ሐኪሟ የጨውን ታሪክ ስትሰማ የጨመርኩት ውሃ ሊሆን ይችላል አለች፤ ቲዩቡን ግን በአንድ ሳምንት አራዘመችልኝ።

ከዚያ በኋላ ሳራ ሳንታ ክላራ ካለው ቢሮዋ ስትወጣ በሳምንት ሁለቴ ያን ሁሉ የመኪና ሰልፍ ታግሳ እየመጣች ቀማሻችን ሆነች፤ ጥሩወርቅም የሸፊልድን ወጥ ቤት አንድ በአንድ ከአፌ እየሰማች ድንቹን በወተትና በቅቤ እስኪለሰልስ መታችው፣ ዳቦውን በወተትና በእንቁላል ነክራ ጋገረችው፣ አተሩን ውሃ ውስጥ አሳድራ እስኪፈርስ ቀቀለችው፣ አተሩን ስታማስልም ይሄ እኮ ክክ ነው፣ ወጥ ሊሆን ሲል የተረሳ፣ እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ሠላሳ አምስቱን ቀን ሳላቋርጥ፣ በአፌ እየበላሁ ጨረስኩ። ከሦስት ወር በኋላ በተነሳሁት ፔት ስካን ካንሰሩ አልታየም፤ ጣዕሜም ቀስ እያለ ተመለሰ፣ መጀመሪያ የለየሁትም ፑዲንጉ ጠርዝ ላይ ያረረውን ወተት ነው።

ይህን መንገድ አሁን ለጀመራችሁ የምለው አለኝ። ስትመዘኑ ጃኬታችሁን አውልቁ። ሐኪም ስንት ማንኪያ በላችሁ ሲላችሁ ማንኪያውን ንገሩት፤ ምስጋናው ለእግዚአብሔር ይድረስ፣ ለሐኪሙ ግን ቁጥሩን ስጡት። ቲዩብ ካስፈለጋችሁ ሽንፈት አይደለም፣ አስገቡት፤ እያመማችሁም ቢሆን የመዋጥ ልምምዱን አትተዉ። ለጠያቂዎቻችሁ የማትችሉትን በግልጽ ንገሯቸው። እኔ ስናገር ማንም አልተቀየመኝም፤ የበርክሌዎቹ ጓደኞቼ ስልጆውን ትተው ወደ ሬዲየሽን በየተራ ያደርሱኝ ጀመር።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ለሚስስ ኤድና አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ጽፌላት አላውቅም። ሦስት ዓመት አብልታኝ ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። አሁን በሕይወት አትኖርም። በእሷ ምግብ እንደዳንኩ የምነግረው ሰው እንኳ የለኝም።

ጥሩወርቅ ግን አለች። አርባ ስድስት ዓመት አብልታኛለች። በእንግዳ ፊት ካልሆነ አመስግኛት አላውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ በልተን እንደጨረስን እጇን ያዝኩና አንቺ ባትኖሪ ኖሮ አልኖርም ነበር አልኳት። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «በል አሁን፣ የኔን ሳህን ጨምረህ እጠብ» አለችኝ።