ኬዝያና ነጩ ጭቃ

የወንድሜ የበርናባስ ሚስት ኬዝያ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ባሌን ባሕር ከወሰደብኝ ወዲህ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነበር። የበቆሎ ገንፎዋን በእጇ ይዛ ከመስኮት ወደ መስኮት ትመላለሳለች፤ ገንፎው ሳያልቅ ጎድጓዳ ሳህኑን የሆነ ቦታ ትረሳዋለች።

በርናባስ ሸክላ ሠሪ ነው። ከወንዛችን ቀይ አፈር የወተት ማስቀመጫና የባቄላ ማሰሮ ይሠራል፤ በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ ካሉ ገበሬዎች የእሱ ዕቃ የሌለው ጥቂት ነው። ኬዝያም ጠርዛቸው ላይ ቢጫ መስመር እየሳለች ታግዘው ነበር። አንድ ቀን የትልቁ ነጋዴ ሚስት ወይዘሮ ፔኒማን ለሻይ ግብዣ ዕቃ አጣቢ ጎደላቸውና ኬዝያ ሄደች። እዚያ ከቻይና የመጣ ነጭ ሲኒ አጥባ ወደ ብርሃን ብታነሳው፣ የገዛ ጣቶቿ ጥላ በሲኒው ውስጥ አልፎ ታያት።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አልነበራትም። ቅርጫት ይዛ የወንዙን ዳር ትቆፍራለች፤ ከባሕሩ ደሴቶች የሚመጡ ዓሣ አጥማጆችን ነጭ ጭቃ አምጡልኝ እያለች ትለምናለች። አንድ ጊዜ ያመጡላት ጭቃ እቶን ውስጥ ፈነዳና የበርናባስን የወር ሥራ አብሮ ሰባበረው። ወንድሜ ቁጡ ሰው አይደለም። ስብርባሪውን እየጠረገ፣ «ቀዩ ምን በደለሽ?» አላት።

«ምንም። ነጩን አየሁታ፤ አሁን ምን ላድርግ?»

በአራተኛው ዓመት ሦስት ሲኒዎች ደህና ሆነው ወጡ። የቻይናውን ያህል ስስ ባይሆኑም እንደ አሬራ የነጡ ነበሩ። አብረን ለወይዘሮ ፔኒማን ወሰድንላቸው። አንዱን አገላብጠው አዩና ፊታቸው በራ፤ የትኛው መርከብ እንዳመጣው ጠየቁ።

ኬዝያ፣ «መርከብ አላመጣውም እሜቴ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች።

ወይዘሮዋ ሲኒውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ትንሽ ከበድ ይላል አሉ፤ እጀታውም ጠመም ብሏል። ለሠራተኞቹ ወጥ ቤት ግን ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ኬዝያ ሦስቱንም ወደ ቅርጫቷ መልሳ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እኔ ስሳደብ እሷ ስለ እጀታው ታስባለች።

ዓመት ሳይሞላ አገሩ ከሚገዛን ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ተጣላና በእንግሊዝ መርከብ የመጣ ነገር መግዛት ነውር ሆነ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ፔኒማን ራሳቸው በሠረገላ መጡ። የአገር ልጅ የሠራው ሲኒ መደርደሪያቸው ላይ ከፊት እንዲታይላቸው ፈለጉ። ኬዝያ ሸጠችላቸው፤ እጀታውን አቃንታው ነበር። ጠቡ ጦርነት ሆነ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ የከተማው ደህና ደህና ቤት ሁሉ በሻይ ፋንታ የእንጆሪ ቅጠል አፍልቶ የሚጠጣው በእሷ ሲኒ ነበር።

ሰላም ወርዶ መርከቦቹ ሲመለሱ ደንበኞቿም ወደ እንግሊዙ ዕቃ ተመለሱ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም አንድ ገዛሁ። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ እንደ በረዶ የነጣ ሳህን ነው። አልጋዬ ሥር በሻርፕ ጠቅልዬ ደበቅሁት።

አገኘችው። ከገበያ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተሰብሮ ጠበቀኝ፤ እሷ ስባሪውን በጥፍሯ ትፍቃለች።

«ምነው ኬዝያ? እኔ ላይ ቂም ይዘሽ ነው?»

«የምን ቂም? ውስጡን ሳላይ ከምን እንደሠሩት እንዴት ልወቅ?» ስባሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እዪ፣ ጭቃ ብቻ አይደለም። ድንጋይ ፈጭተው ጨምረውበታል።»

ሦስት ቀን አላነጋገርኳትም። በአራተኛው ቀን ከባሕሩ ዳር ባልጩት ድንጋይ ለቅማ፣ አቃጥላ፣ ስትወቅጥ ጉልበቷ አልበቃ ስላላት ሌላውን ሙቀጫ እኔ ያዝሁ። ያን ጊዜ ስልሳ ዓመቷ ነበር።

በበረዶው ወራት አጋማሽ እቶኑ ተከፈተ። የወጣው ሳህን ከቀድሞዎቹ ሁሉ የነጣ ነበር። በርናባስ በጣቱ መታ መታ አደረገውና ድምፁን ሰምቶ ፈገግ አለ። ኬዝያ ግን ከዳር ያለችውን ግራጫ ነጥብ አይታ ካፖርቷን ደረበች። ጥፋቱ የውሃው ነው አለች፤ ከላይኛው ምንጭ ልትቀዳ ባልዲዋን አንስታ በበረዶው ላይ ወጣች።