ሌሲዬሊ ያሻገረቻት ሰባት

እህቴ ሌሲዬሊ ባለፈው ሰኔ ቫቫኡ ደሴት ላይ በሃምሳ አንድ ዓመቷ አረፈች። ሰሌን ሠሪ ነበረች። ካህኑ በቀብሯ ላይ ስለ እሷ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል።

በሃያ ስድስት ዓመቷ ነርስ ልትሆን ቆርጣ ነበር። መግቢያው የሒሳብ ፈተና ነው፤ ማለፊያው ሃምሳ። ዕድሜዋ ስለገፋ የምትፈተነው አንዴ ብቻ ነው። የእኔን አሮጌ መጽሐፍ ይዛ ያለ አስተማሪ አጠናች።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቼ፣ እንደ ወጉ ጓሮ ካለው የወንዶች ቤት አድር ነበር፤ በእኛ ደሴት ያደገ ወንድም ከእህቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፣ ፊት ለፊትም እንደ ልቡ አያዋራትም። አንድ ቀን ደብተሯን በረንዳው ላይ ተገልጦ አገኘሁት። 3x + 7 = 22 ይላል። ሰባትን ወደ ማዶ ስታሻግራት መደመሯን ወደ መቀነስ አልቀየረችም፤ 29ን ለሦስት አካፍላለች። ትክክለኛው መልስ አምስት ነበር። ገጾቹን አገላበጥኩ፤ ሁሉም እንደዚያው ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ሌሲዬሊ ከአክስቴ ልጅ ከፔሲ ጋር የሰሌን ቅጠል ይሰነጥቁ ነበር። መኖሬን አላወቁም።

«አንቺ፣ ይሄ ኤክስ የምትይው ሰውዬ ዛሬም አልተገኘም?» አለች ፔሲ። «ባል ብትፈልጊ ይሻልሽ ነበር!»

«ተገኝቷል። ትንሽ ጎደሎ ነው እንጂ።»

«ጎደሎ ያልሆነ ወንድ የት አለና!»

እህት ስለ ባል ስትቀልድ ወንድም አይሰማም። ደብተሩን እንደነበረ ትቼ ወደ እናቴ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ሌሲዬሊ ሒሳቡ ላይ ተሳስታለች። አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ ቁጥር አላውቅ፣ ምን ልበላት?»

«ለፔሲ ልንገራታ።»

«ለፔሲ! መንደሩን ልታስቅባት ነው? ታናሽ ወንድሟ እህቱን አረመ ይባል? አፍህን ሰብስብ። ፈታኙ ያርማታል።»

አፌን ሰበሰብኩ።

ፈታኙ አረማት። አርባ አራት አገኘች። ከዚያ በኋላ ስለ ነርስነት አንድም ቀን አላነሳችም፤ ሃያ አምስት ዓመት ሰሌን ሠራች።

እኔ የፈተና ሰነዶች ጠባቂ ሆንኩ። የመልስ ወረቀቷ በእጄ ገባ። ሦስት ጥያቄዎች ላይ ምልክቱ ሳይቀየር ተሻግሯል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ነበረው።

በቀብሯ ዕለት፣ ለታናሽ ወንድም እንደሚገባ፣ የነተበ የሐዘን ሰሌን ወገቤ ላይ ታጥቄ ምግብ ከሚበስልበት ጉድጓድ አጠገብ ዋልኩ። ፔሲ እንጨት ይዛ መጣች።

«ደብተሩን በረንዳው ላይ ገልጣ ትተወው የነበረው ለምን ይመስልሃል?» አለችኝ። «እንድታየው እኮ ነው። እሷም አንተን መጠየቅ አይሆንላትም። ‹አይቶ ዝም ካለ ልክ ነው ማለት ነው› ትለኝ ነበር።»

እንጨቱን ተቀብያት እሳቱ ውስጥ ጨመርኩ።